ከደበርጃን እስከ ጥቅል ጎመን፦ የውሃ ቀለም ሥዕልን በአትክልት ስለማስተማር

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የሥዕል መምህራን፤

በዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ አተኩራለሁ፤ ይኸውም የውሃ ቀለም ሥዕል ለሚጀምር ሰው ከፊቱ ምን ብናስቀምጥለት ይበጃል የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ከልማድ የተነሣ አበባ ወይም ከፎቶግራፍ የሚቀዳ መልክዓ ምድር እንሰጠዋለን፤ ተማሪዎቹም ራሳቸው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት በአትክልት ላይ ቢመሠረት ይሻላል የሚል አቋም አለኝ። አትክልት በቀላሉ መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ምክንያቴ ግን እያንዳንዱ አትክልት ከውሃ ቀለም አስቸጋሪ ነገሮች አንዱን ነጥሎ ስለሚያቀርብልን፣ መምህሩ ገና አትክልቱን ሲመርጥ የዕለቱን ትምህርት መወሰን መቻሉ ነው።

የውሃ ቀለም ጀማሪ በአንድ ጊዜ አራት ነገሮችን እንዲያስብ ይገደዳል። የነገሩን ቅርጽ መያዝ አለበት፤ የብርሃኑንና የጥላውን መጠን መመዘን አለበት፤ ቀለሙን ቀላቅሎ ማግኘት አለበት፤ ከሁሉም በላይ ብሩሹና ወረቀቱ ምን ያህል ውሃ እንደያዙ በየቅጽበቱ ማወቅ አለበት። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው ይህን የመጨረሻውን ጣጣ አያውቀውም፤ ያልወደደውንም ሸፍኖ መሄድ ይችላል። የውሃ ቀለም ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ከሥር ያለው ሁሉ ይታያል፤ ነጩም ቢሆን የሚገኘው ሳይቀባ ከተተወው ወረቀት ነው። እንግዲህ ለዚህ ተማሪ ወንዝ፣ ዛፍ፣ ሰማይና ቤት ያለበትን ነገር ስንሰጠው አራቱንም ችግሮች አባዝተን አሸከምነው ማለት ነው። አንድ ደበርጃን ብናስቀምጥለት ግን ቅርጹ ቀላል፣ ቀለሙ ከሞላ ጎደል አንድ፣ ብርሃኑና ጥላው በግልጽ የተለዩ በመሆናቸው ሐሳቡን በሙሉ ውሃው ላይ ማድረግ ይችላል።

ሌላም ጥቅም አለ። በሰው ፊት ሥዕል ላይ ዐይን በጥቂት ሚሊ ሜትር ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች መልኩ ይጠፋል፤ ካሮት ግን ጎበጥ ቢል ወይም ወፈር ቢል ያው ካሮት ነው፤ ከመሬት የሚወጣውም ቢሆን ሁሉም ቀጥ ያለ አይደለም። ይህ ነጻነት ድፍረት ያጣውን ሰው፣ በተለይም በትልቅነቱ የሚጀምረውን፣ ከእርሳስና ከላጲስ ያላቅቀዋል። በአበባ ላይ ያለኝ ቅሬታ ደግሞ ሌላ ነው። አበባ ውበቱን ለሥዕሉ ያበድራል፤ ተመልካቹ ጽጌረዳዋን እያደነቀ ሥዕሉን ያደነቀ ይመስለዋል፤ ተማሪውም ያልደከመበትን ምስጋና ይቀበላል። ድንች በማየቱ ብቻ የሚደነቅ ሰው ስለሌለ፣ የድንች ሥዕል ከተደነቀ ምስጋናው የሠዓሊው ነው።

አትክልትን ሁላችንም በእጃችን እናውቀዋለን፤ እናጥበዋለን፣ እንልጠዋለን፣ እንከትፈዋለን፤ በዐይናችን ግን እምብዛም አላየነውም። ይህን ለተማሪዎች ለማሳየት ቲማቲም ገና ሳይቀርብላቸው በቃላቸው እንዲስሉት ማድረግ ይበቃል። አብዛኞቹ ቀይ ክብ ይሠሩና ከላዩ አረንጓዴ ኮከብ ይለጥፉበታል። ከዚያ ቲማቲሙ ራሱ ሲቀመጥላቸው ክብ አለመሆኑን፣ ትከሻው ወጣ ገባ ማለቱን፣ ግንዱ የተያያዘበት ቦታ ወደ ውስጥ መሰርጎዱን፣ ከላዩ ካሉት ትንንሽ ቅጠሎች አንዳንዶቹ ወደ ላይ ተጠማዘው፣ ሌሎቹ ቀዩ ላይ ተኝተው የየራሳቸውን ቀጭን ጥላ መጣላቸውን ያያሉ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ያስተምራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን እንዳይጥሉት አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

አትክልት ለከባድ ሥዕል አይመጥንም የሚል ተማሪ ሲያጋጥም የሥዕል ታሪክ ይረዳናል። ጀርመናዊው አልብሬኽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1503 የሣለው ዝነኛ የውሃ ቀለም ሥራ፣ ማንም ረግጦት የሚያልፈው ሣርና አረም የበቀለበት አንድ ቁራሽ መሬት ነው። የስፔኑ ሁዋን ሳንቼስ ኮታን እ.ኤ.አ. በ1602 አካባቢ በዘይት ቀለም በሠራው ሥዕል አንድ ጥቅል ጎመን በክር ተንጠልጥሎ፣ ሜሎንና ኪያር ከበታቹ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ከኋላቸው ያለው ድፍን ጨለማ ነው። ጃፓናዊው ኢቶ ጃኩቹ (1716–1800) ከአትክልት ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ ነበር፤ የቡድሃን ዕረፍት የሚያሳየውን የቆየ የሥዕል አሠራር ወስዶ በቡድሃ ቦታ ረጅም ነጭ ፍጅል አጋደመ፣ በሐዘንተኞቹ ቦታም ሌሎች አትክልቶችን ዙሪያውን ሰበሰበ። ቀልዱ ይበልጥ ወይስ ጸሎቱ የሚለውን ለመወሰን ያዳግታል፤ ሁለቱም ያሉበት ይመስለኛል። የቻይናው ቺ ባይሺ (1864–1957) ደግሞ ጎመንንና ፍጅልን እስከ እርጅናው ድረስ ደጋግሞ ሥሏል።

ለእኛ ሥራ ከሁሉም የሚቀርበው ስኮትላንዳዊው ሮሪ ማክዩን (1932–1982) ነው። ማክዩን ሽንኩርትን በብራና ላይ በውሃ ቀለም ይሥል ነበር። ብራና ውሃን እንደ ወረቀት ስለማይመጥ ቀለሙ ላዩ ላይ ይቀራል፤ በዚህም የተነሣ በትንንሽ የብሩሽ ጫፍ ንክኪዎች የተሠራው የሽንኩርት ቅርፊት ከውስጥ ብርሃን ያለው ይመስላል። ማክዩን አንዱን አትክልት ባዶ ገጽ ላይ ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ሰሐን፣ ጨርቅ፣ ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለም። ይህ ለጀማሪ በቀጥታ የሚወሰድ ትምህርት ነው፤ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ አትክልት ይበቃል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤዱዋር ማኔም እ.ኤ.አ. በ1880 አንድ እስር አስፓራገስ ሥሎ ለሥዕል ሰብሳቢው ለሻርል ኤፍሩሲ በ800 ፍራንክ ሲሸጥለት ገዢው 1,000 ፍራንክ ስለላከ፣ ማኔ አንዲት አስፓራገስ ብቻ ያለችበትን ትንሽ ሥዕል ሠርቶ፣ ከእስሩ ይህቺ ጎድላ ነበር የሚል መልእክት አክሎ ልኮለታል። ይህን ለተማሪዎች ስንነግራቸው በጨዋታው ይስቃሉ፤ ቀጥሎ ግን ያቺን አንዲት ግንድ ሲያዩ ለሙሉ ሥዕል መብቃቷን ይረዳሉ።

ወደ ቁሳቁስ ልለፍ፤ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ገንዘቡ የተወሰነ ተማሪ ከቀለምና ከብሩሽ አስቀድሞ ለወረቀት ያውጣ። ከጥጥ የተሠራና በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ውሃ ሲያገኘው ብዙም አይሸበሸብም፤ ሲሠራ በጄላቲን ወይም በመሰል ነገር ስለታከመ ውሃውን ላዩ ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ያቆየዋል፤ የውሃ ቀለም ሥራ የሚሠራውም በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውሃውን ወዲያው ስለሚመጠው የተካነ ሠዓሊ እንኳ ለስላሳ ሽግግር ሊያወጣበት አይችልም፤ ጀማሪው ግን ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ተስፋ ይቆርጣል። ከዚህ ሌላ ጫፉ የሚሾል አንድ ወፍራም ብሩሽ፣ አንድ ቀጭን ብሩሽ፣ አንዱ ለማጠቢያ ሌላው ለንጹሕ ውሃ የሚሆኑ ሁለት ማሰሮዎች፣ ውሃ የሚመጥ ጨርቅ፣ እንዲሁም ሁለት ቢጫ፣ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊና አንድ ቡናማ ቀለም ይበቃሉ። የውሃ ቀለም የተፈጨ ቀለም በግራር ሙጫ ተይዞ የተዘጋጀ መሆኑን ግን ከመጀመሪያው ቀን ቢያውቁ መልካም ነው። ሙጫው ከደረቀ በኋላም ውሃ ሲያገኝ እንደገና ይፈታል፤ ስለዚህ በደረቀ ንብር ላይ ሌላ ስንደርብ ብሩሹን ደጋግመን ካሸነው የታችኛው ተነሥቶ ይጨቀያል። አንድ ጊዜ አስቀምጦ እጅን ማንሣት የሚባለው ሕግ ከዚህ የመጣ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት በደበርጃን ይሁን የምለው ጀማሪዎች ሁሉ ስለሚጋሩት ፍርሃት ነው፤ ቀለም ያሳሳሉ። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ከእርጥቡ ይልቅ ስለሚፈዝ፣ ሲቀቡት ትክክል የመሰላቸው በኋላ ገርጥቶ ይገኛል። ደበርጃን ማሳሳትን አይፈቅድም። ጥቁር ሊባል በሚችል ወይን ጠጅ ቆዳው ላይ የመስኮቱ ብርሃን ነጭ ሆኖ ስለሚያርፍ፣ ከጨለማ እስከ ብርሃን ያለው ርቀት በሙሉ በአንድ አትክልት ላይ ይገኛል። ተማሪው የነጸብራቁን ቦታ በስሱ በእርሳስ ካመለከተ በኋላ ዙሪያውን በአልትራማሪን ሰማያዊና በኩዊናክሪዶን ሐምራዊ ቅልቅል፣ ልክ ከፈራው በላይ አወፍሮ ይሸፍነዋል። ነጸብራቁን ልብ ብሎ ሲያየውም ንጹሕ ነጭ ላይሆን ይችላል፤ መስኮቱ ወደ ሰማይ የሚያይ ከሆነ የሚያብረቀርቀው ቆዳ የሚመልሰው የሰማዩን ብርሃን ስለሆነ በጣም ስስ ሰማያዊ ይገኝበታል። ይህን በራሱ ዐይን ያገኘ ተማሪ ከዚያ ወዲያ ነጭ የሚባለውን ሁሉ በጥርጣሬ ያያል፤ ጥርጣሬው ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ላይ ስንደርስ ይጠቅመዋል።

ውሃን ማንበብም የሚጀምረው እዚሁ ደበርጃን ላይ ነው። የተቀባው ወረቀት ወደ ዐይን ከፍታ ተነሥቶ በአግድም ወደ ብርሃን ሲታይ እርጥበቱ በየደረጃው ይለያል። መጀመሪያ ውሃው ላዩ ላይ ስለሚተኛ ያብለጨልጫል፤ በዚህ ጊዜ የሚጨመር ቀለም ወደ ፈለገው ይሄዳል። ቀጥሎ ብልጭታው ይደበዝዛል፤ ይህ ከሁሉ የተሻለው ሰዓት ነው፤ የተጨመረው ቀለም ጠርዙ እየለሰለሰ ቢሰፋም ከተቀመጠበት ብዙም አይርቅም፤ የደበርጃኑ የጥላ ወገን የሚጠቁረው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ብልጭታው ጠፍቶ ወረቀቱ ደረቅ ይመስላል፤ በእጅ ጀርባ ሲነካ ግን ገና እየተነነ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። በዚህ ሰዓት ብሩሽ ማሳረፍ አይገባም፤ ከብሩሹ የሚወርደው ውሃ ወረቀቱ ከያዘው ስለሚበልጥ፣ ያልረጋውን ቀለም ወደ ውጭ ገፍቶ ጠርዙ የተቦጫጨረ ነጭ እድፍ ይተዋል። በደረቀ ወረቀት ላይ የተቀባ ቀለም ዳር ዳሩ ጠቆር ብሎ የሚደርቅበትም ምክንያት አለው። ጠርዙ ላይ ያለው ውሃ ቶሎ ስለሚተን ከመሐል ያለው ወደዚያ ይፈስሳል፣ ቀለሙንም ይዞት ይሄዳል። የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን እ.ኤ.አ. በ1997 በፈሰሰ የቡና ጠብታ አማካይነት አብራርተውታል፤ ሠዓሊዎች ግን ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ከደበርጃን ቀጥሎ የሚመጣው ባሮ ሽንኩርት አጭር ትምህርት ነው። ከሥሩ ነጭ ሆኖ ጀምሮ በስስ ቢጫ አልፎ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ስለሚሸጋገር፣ አትክልቱ ራሱ የሽግግር ልምምድ ነው ማለት ይቻላል። ቅርጹ በሙሉ በንጹሕ ውሃ ይረጥባል፤ አረንጓዴው ከቅጠሉ ወገን ይቀመጣል፤ ወረቀቱ ያረፈበት ሰሌዳ ወደ ነጩ ሲዘነበል ቀለሙ በራሱ ይወርዳል፤ ነጩ ጋ ሊደርስ ሲል ሰሌዳው ይቀናል። እዚህ ላይ የሚሠራው ብሩሽ ሳይሆን የመሬት ስበት ነው፤ ብሩሹን ማሳረፍ የማይችል ተማሪ ካለ ባሮውን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ ይሥል።

አረንጓዴ ላይ ግን መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ የአትክልት ሥዕሎች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነውና። በቱቦ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን አረንጓዴ ለጊዜው መከልከል ተገቢ ይመስለኛል። በተለይ ፍታሎ የሚባለው አረንጓዴ ኃይለኛና ቀዝቃዛ በመሆኑ እንዳለ ሲቀባ ቅጠሉን ሁሉ ፕላስቲክ ያስመስለዋል። ቅጠል አረንጓዴነቱን የሚያገኘው ከክሎሮፊል ቢሆንም ከክሎሮፊሉ ጋር ካሮቲኖይድ የሚባሉ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለሞች አብረው ይኖራሉ፤ ቅጠሉ ሲያረጅ ክሎሮፊሉ ስለሚፈርስ ቢጫው ይገለጣል። ተማሪው ይህን ካወቀ አሠራሩንም ከቅጠሉ ይወስዳል፤ አስቀድሞ ቅጠሉን በሙሉ በስስ ቢጫ ይሸፍናል፤ ከደረቀ በኋላ ሰማያዊ የሚያመዝንበትን አረንጓዴ ይደርብበታል፤ ቢጫው ከሥር ሆኖ ያበራል። የቀላቀለው አረንጓዴ ከልክ በላይ ከደመቀበት በብሩሹ ጫፍ ትንሽ ቀይ ይጨምርበት፤ ቀይ የአረንጓዴ ተቃራኒ በመሆኑ ድምቀቱን ይቀንሰዋል፤ ሲበዛ ግን ወደ ቡናማ ይወስደዋልና ጥንቃቄ ይሻል።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ቀላል መሣሪያ አለ። ከወፍራም ነጭ ወረቀት አንድ ቁራጭ ተወስዶ መሐሉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ይበሳል፤ ተማሪው በቀዳዳው የቅጠሉን አንድ ነጥብ ብቻ እያየ የቀላቀለውን ቀለም ከቀዳዳው ጎን ቀብቶ ያመሳክራል። ቅጠሉ ከዙሪያው ሲነጠል አእምሮ አረንጓዴ ብሎ የደመደመው ነገር ይፈርሳል። ብርሃን ከኋላ ያለፈበት ቦታ ወደ ቢጫ የቀረበ ሆኖ ይገኛል፤ የሰማዩን ብርሃን የሚመልሰው የቅጠሉ ጀርባ ደግሞ ግራጫ ሰማያዊ ነው፤ ንጹሕ አረንጓዴ የሚባለው በሁለቱ መካከል ያለ ጠባብ ቦታ ብቻ ይሆናል። ከቆስጣና ከቀይ ሥር ቅጠል ጋር ይህን መሣሪያ የተጠቀመ ሰው ቀይ የቅጠል ሥሮች በአረንጓዴው ውስጥ ሲያልፉ ዙሪያቸውን እንዴት እንደሚያጨልሙት ያያል፤ ሥሮቹንም ቀይ መስመር አድርጎ ከላይ ከመለጠፍ ይልቅ መጀመሪያ ቀብቷቸው አረንጓዴውን እስከ ጠርዛቸው ማምጣትን ይመርጣል።

አትክልት እንደማይጠብቅ መዘንጋት የለበትም። ሰላጣና ቆስጣ ከተቆረጡ በኋላ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ሊጠወልጉ ይችላሉ፤ ካሮት፣ ድንችና ዱባ ግን ለቀናት ይቆያሉ። ስለዚህ ካሮት ከነቅጠሉ ሲሣል ቅጠሉ አስቀድሞ፣ ሥሩ በኋላ ይሠራል፤ የቅጠሉ ግንድ በረጠበ ጨርቅ ቢጠቀለል ዕድሜው ይረዝማል። ብርሃኑም ይንቀሳቀሳል፤ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት ወይም አንድ ቋሚ መብራት ይመረጥ፤ በቀኝ እጁ ለሚሠራ ሰው ብርሃኑ ከግራ ቢመጣ የእጁ ጥላ ሥራው ላይ አይወድቅበትም። ፎቶግራፍ አንሥተን ብንቀጥልስ የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። ለበሰለ ሠዓሊ አልቃወምም፤ ለጀማሪ ግን ካሜራው ጥላውን አጥቁሮ፣ ነጸብራቁን አንጥቶ፣ መምረጥ የነበረበትን ሁሉ አስቀድሞ ይመርጥለታል፤ ተማሪው የካሜራውን ውሳኔ ይቀዳል እንጂ አትክልቱን አያይም።

አሁን ቀይ ሽንኩርትን ቀረብ ብለን እንየው፤ ከሁሉም አትክልት ብዙ የሚያስተምረው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የላይኛው ቅርፊት ደረቅ፣ ስስና የመዳብ ቀለም ያለው ነው፤ ቅርፊቱ በተቀደደበት ቦታ ከሥሩ ያለው እርጥቡና አንጸባራቂው ወይን ጠጅ ይታያል። ከሥር ተነሥተው እስከ አንገቱ የሚሄዱት ቀጫጭን መስመሮች በሉል ላይ ያሉትን የኬንትሮስ መስመሮች ይመስላሉ፤ መሐል ላይ ተራርቀው ሁለቱ ጫፎች ላይ ይገናኛሉ፤ ክብነቱን የሚናገሩትም እነርሱ ናቸው። ጀማሪ መስመሮቹን ቀጥ አድርጎ ካሰመራቸው ሽንኩርቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጥላው የቱንም ያህል ቢያምር አያድነውም።

አሠራሩ በንብር ላይ ንብር ነው። መጀመሪያ ከነጸብራቁ በስተቀር ሽንኩርቱ በሙሉ በስስ ቢጫና በጥቂት ቡናማ ቅልቅል ይሸፈናል፤ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ መጠበቅን የሚያስተምረው ይህ ነው። ሁለተኛው ንብር ኩዊናክሪዶን ቀይ ሐምራዊ ነው፤ እርጥብ ሳለ በጥላው ወገን አልትራማሪን ጣል ይደረግበታል፤ ሁለቱ ወረቀቱ ላይ ሲገናኙ የሚሰጡት ወይን ጠጅ፣ በቀለም መቀላቀያው ሰሌዳ (ፓሌት) ላይ ከተቀላቀለው ይልቅ ሕያው ነው። ለዚህ ቦታ አሊዛሪን ክሪምሰን የሚባለውን ቀይ ብዙ መጻሕፍት ይመክራሉ፤ እኔ አልመክረውም። አሊዛሪን እ.ኤ.አ. በ1868 በኬሚስቶች እጅ በሰው ሠራሽ መንገድ ከተሠራ ጀምሮ የተወደደ ቀለም ቢሆንም ለብርሃን ሲጋለጥ ስለሚደበዝዝ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሽንኩርት በጊዜ ብዛት ወደ ሰማያዊ ይገረጣል። ሦስተኛው ሥራ መስመሮቹ ናቸው፤ ውሃው በጨርቅ በተቀነሰለት ቀጭን ብሩሽ፣ ከሥር ወደ አንገት በአንድ እስትንፋስ ይሠመራሉ፤ ነጸብራቁ ጋ ሲደርሱ ይቋረጣሉ፣ ብርሃን ሲበዛ ዐይን ዝርዝር አያይምና። የተቀደደው ቅርፊት ጠርዝ ደግሞ በረጠበ ንጹሕ ብሩሽ ቀለሙ ተነሥቶለት ብሩህ ይሆናል፤ ከበታቹ በቀጭኑ ሲጠቁርበት ቅርፊቱ ከሽንኩርቱ ላይ ተነሥቶ የቆመ ይመስላል።

የሚቀረው ጥላ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ የተቀመጠ ሽንኩርት ሆዱ ከሥር በጣም ጨለማ አይደለም፤ ከወረቀቱ የሚመለሰው ብርሃን የታችኛውን ጠርዝ ያፈካዋል፤ ከሁሉ የጠቆረው ክፍል ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። መሬቱ ላይ የሚወድቀው ጥላም ግራጫ ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርቱ አጠገብ ሐምራዊ ይታይበታል፤ ሽንኩርቱ ወረቀቱን የሚነካበት ቦታ ቀጭንና በጣም ጥቁር ነው፤ ከዚያ እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል። ያቺ የመነካኪያ መስመር ከተረሳች ሽንኩርቱ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

ስለ መምህሩ ሥነ ሥርዓት ጥቂት ልበል። የተማሪን ሥዕል በራስ ብሩሽ ማስተካከል፣ ተማሪው ራሱ ቢለምን እንኳ፣ አይገባም፤ ማሳየት ካስፈለገ ከጎኑ በሌላ ወረቀት ላይ ማሳየት ይቻላል። አስተያየትም ከማሞገስና ከመንቀፍ ይልቅ ወደ አትክልቱ የሚመልስ ጥያቄ ቢሆን ይጠቅማል፦ ከሁሉ የጨለመው ቦታ የት ነው? ጠርዙ የሚጠፋው የት ነው? ይህ ቀይ ከዚያኛው ቀይ በምን ይለያል? ከሕፃናት ጋር ስንሠራ ደግሞ ስለ ንብር ማውራት ትርፉ ድካም ነው፤ ሁለት ቀለም እርጥብ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ማየቱ ለእነርሱ በቂ ደስታና በቂ ትምህርት ነው። ካድሚየም ያለባቸው ቀለሞች መርዛማ በመሆናቸው ለሕፃናት አይቀርቡም፤ ብሩሽን በአፍ ማሾልም ለትልቅም ለትንሽም የተከለከለ ነው። ቀለም ያልነካው አትክልት ግን ከክፍለ ጊዜው በኋላ ወደ ወጥ ቤት ይሂድ፤ ሞዴሉ መጨረሻ ላይ ድስት የሚገባበት የሥዕል ትምህርት ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ነጭ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ለመጨረሻ የሚቀመጡት ተማሪው ያልተቀባን ወረቀት ማክበር ከተማረ በኋላ ብቻ የሚደፈሩ ስለሆኑ ነው። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ሊቀባ የሚገባው ነገር ጥቂት ነው፤ ከአልትራማሪንና ከተቃጠለ ሲዬና ቡናማ የሚገኘው ግራጫ አንድ ጊዜ ወደ ሰማያዊ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቡናማ እያመዘነ የፍሬዎቹን ሸለቆዎች ብቻ ይነካል፤ ቅርፊቱ ላይ ያለው ስስ ሐምራዊ ጭረት ይታከልበታል፤ የቀረው ወረቀት ነው። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት የሽንኩርቱን ዙሪያ በግራጫ መስመር በመክበብ ነው፤ የብርሃኑ ወገን ጠርዝ ከጀርባው ጋር ተቀላቅሎ ቢጠፋ ዐይን ራሱ ይሞላዋል።

መሐል ለመሐል የተከፈለ ጥቅል ጎመን ግን ነገሩን ሁሉ ይገለብጠዋል። የሚታዩት የተጠቀለሉ ቅጠሎች ነጭ ወይም ስስ ቢጫ ሆነው በመካከላቸው ጠባብ ጨለማ ክፍተቶች አሉ፤ ስለዚህ የሚቀባው ቅጠሉ ሳይሆን ክፍተቱ ነው። ቅጠል ልሣል ብሎ የተነሣ ተማሪ በመቶ መስመሮች መካከል ይጠፋል፤ ክፍተቶቹን ብቻ እንደ ራሳቸው ቅርጽ አድርጎ የያዘው ደግሞ ጎመኑ ከባዶው ወረቀት ላይ ሲወጣ ያየዋል። ሥራው የሚጀመረው ከሁሉም ቅጠሎች መነሻ ከሆነው ወፍራም ነጭ አንኳር ነው፤ ከእርሱ አጠገብ ያሉት ክፍተቶች ጠባብና ጥቁር ናቸው፤ ወደ ውጭ ሲኬድ ይሰፋሉ፣ አረንጓዴም ይቀላቀልባቸዋል። አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃውም፤ የተቆረጠው ገጽ እንዳይደርቅ በረጠበ ጨርቅ ተሸፍኖ በቀዝቃዛ ቦታ ካደረ በሚቀጥለው ቀን ሊቀጥሉበት ይችላሉ፤ ጠርዙ ጥቂት ቢጠቁር ግን የጠቆረውን እንዳለ መሣል እንጂ በሌላ ጎመን መተካት አያስፈልግም፤ የሁለት ጎመን ጥቅልል አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅምና።